ረግረግ ሄዶ «ሣር ብቻ አየሁ» ላለማለት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። በመጪው ወር አንድ ነፃ ቀን አለሽ። አባትሽንና የ9 ዓመት ልጅሽን ይዘሽ ጸጥ ያለ ረግረጋማ ጥብቅ ስፍራ ሄደሽ ወፍና የዱር እንስሳ ማየት ትፈልጊያለሽ። ጓደኛሽ ግን ሄዳ «ከሣር በቀር ያየሁት ነገር የለም» ብላ ስለተመለሰች ሐሳብ ገብቶሻል። ስንት ቦታ እናዳርስ፣ መቼ እንሂድ፣ ምን እንያዝ፣ አስጎብኚስ ያስፈልገናል ወይ ብለሻል። አባትሽ ጉልበታቸውን እንደሚያማቸውም ጠቅሰሻል።

ስንት ቦታ ለሚለው መልሴ አንድ ነው። አንድ ጥብቅ ስፍራ፣ እዚያም ውስጥ ቢበዛ ሁለት መቀመጫ፣ ማለትም ተቀምጣችሁ የምትመለከቱበት ቦታ።

እንዲህ አፌን ሞልቼ የምናገረው እኔም እንደ ጓደኛሽ ሆኜ ስለተመለስኩ ነው። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን የደረስኩት ረፋድ ላይ ነው። ካርታውን ይዤ ዙሪያውን ያለውን መንገድ በሙሉ ልጨርስ ብዬ ተነሳሁ። ከፊቴ ውሃው ውስጥ ጧ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ስደርስ የቀረው ክብ ክብ ሞገድ ብቻ ነው። ክንፍ ሲርገበገብ እሰማለሁ፤ ቀና ስል ጅራት ብቻ። ሙሉ ጠዋት ለፍቼ ስመለስ ማስታወሻዬ ላይ የአራት ወፍ ስም ነበር። ቦታው ባዶ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ቁርጭምጭሚቴ ወለም ብሎኝ ነበር። መራመድ ስላልቻልኩ ከበሩ ብዙም በማይርቅ የመመልከቻ ጎጆ ውስጥ ተቀመጥኩ። ሃይድ የሚሉት፣ ግድግዳው ላይ ጠባብ ቀዳዳ ያለው የእንጨት ጎጆ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ላይ ምንም የለም። ከዚያ ዳክዬዎች ከቄጠማው ሥር አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ። እኔ ስገባ ሸሽተው እዚያው ነበሩ ማለት ነው። ፊት ለፊቴ፣ ሰባት ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ የደረቁ አገዳዎች ቆመዋል። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አይቻቸዋለሁ። ነፋስ መጣና ሁሉም ተወዛወዙ። አንዱ ግን ዓይን ነበረው። ቢጫ ዓይን።

ቢተርን የሚባል የሽመላ ዘመድ ነው። ሰው ሲቀርበው ቶሎ አይበርም። አንገቱን መዝዞ፣ ምንቃሩን ወደ ሰማይ ቀስሮ ይቆማል። አንገቱና ደረቱ ላይ ያለው ቡናማ መስመር ቁልቁል ስለሚወርድ ከአገዳው አይለይም። ነፋስ ሲመጣ አብሮ ይወዛወዛል። በመጀመሪያው ቀን ስንቱን እንደዚህ አልፌው ሄጄ ይሆን ብዬ ሆዴ ባባ።

ስለዚህ የአባትሽ ጉልበት ለጉዞው እንቅፋት ነው ብለሽ አትስጊ። ረግረግ ላይ ብዙ የሚያየው የሚቀመጥ ሰው ነው። ሜዳ ላይ ሆነሽ እንስሳውን ከሩቅ ታዪዋለሽ። ረግረግ ውስጥ ግን ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ እንስሳው ውስጡ ነው። አንቺ ሳታዪው እሱ አይቶሻል፣ እርምጃሽንም ሰምቷል። የምታዪው ለመብላት ወደ ዳር ሲወጣ ነው። ሣሩ የሚያልቅበትና ውሃው የሚጀምርበትን ያንን ጠርዝ እንደ ጽሑፍ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብለሽ አንብቢው። ስትጨርሺ እንደገና ጀምሪ። ሁለተኛው ላይ መጀመሪያ ያልነበረ ነገር ይኖራል።

አባትሽ መሄድ ካቃታቸው ደግሞ መኪናውም ጥሩ መደበቂያ ነው። መንገዱ ውሃው ዳር የሚደርስ ከሆነ ሞተሩን አጥፉ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጉ፣ በሩን አትክፈቱ። ብዙ ወፎች መኪና አይተው አይሸሹም። ከውስጡ ሰው ሲወጣ ነው የሚበረግጉት።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ጎህ ሲቀድ መቀመጫችሁ ላይ ሁኑ። በሩ ላይ ማለቴ አይደለም፣ መቀመጫችሁ ላይ። ሌሊቱን ሳይበሉ ያደሩ ወፎች በማለዳ ነው የሚሯሯጡት። የሚዘምሩትም ያኔ ነው። አየሩም ጥርት ያለ ነው። ፀሐይ ከከረረች በኋላ ከመሬትና ከውሃ የሚነሳው ሙቀት እይታውን እንደ እሳት ነበልባል ያርገበግበዋል። ያኔ ውድ ባይኖኩላር (የሩቅ ማያ መነጽር) ቢኖርሽም አያድንሽም። እኩለ ቀን ላይ ብሉ፣ ጥላ ሥር አረፍ በሉ፣ አባትሽ ትንሽ ይተኙ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተመለሱ። ሽመላዎችና ሌሎችም ወፎች ለማደር በመንጋ የሚመጡበት ሰዓት ነው። ይህ ልጅሽ የማይረሳው ትዕይንት ይሆናል።

መቀመጫ ስትመርጪ ፀሐይዋን ከጀርባሽ አድርጊ። ጠዋት ከውሃው በስተ ምሥራቅ፣ ማታ በስተ ምዕራብ ብትሆኚ ብርሃኑ ወፎቹ ላይ ያርፋል። ተሳስተሽ በተቃራኒው ከተቀመጥሽ ሁሉም ወፍ ጥቁር ጥላ ነው። ብዙ ሰው ቀለም አላየሁም ብሎ የሚያማርረው በዚህ ነው።

ስለ ወሩ ብዙ አትጨነቂ፤ ከወሩ ይልቅ የውሃውን መጠን ጠይቂ። ውሃው ሲጎድል ዳር ዳሩ ላይ ጭቃ ይወጣል። ጭቃው ውስጥ ትልና ትንንሽ ነፍሳት ሞልተዋል። ረጃጅም እግርና ረጃጅም ምንቃር ያላቸው ወፎች ያንን ፍለጋ ይመጣሉ። ውሃው ሞልቶ ሜዳው ሁሉ ከተጥለቀለቀ ግን እነዚያ ይበተናሉ፣ ዳክዬዎችም ሰፊው ውሃ ላይ ይራራቃሉ። በሰሜኑ የዓለም ክፍል የሚራቡት ተሰዳጅ ወፎች በጥቅሉ ከነሐሴ እስከ ኅዳር ወደ ደቡብ ይወርዳሉ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ደግሞ ይመለሳሉ። ሌላም ነገር አለ። አብዛኞቹ ዳክዬዎች በዓመት አንዴ የክንፋቸውን ላባ በአንድ ጊዜ ይጥላሉ። አዲሱ እስኪበቅል ሦስትና አራት ሳምንት መብረር አይችሉም። በዚያ ጊዜ ሣር ውስጥ ተሸሽገው ስለሚከርሙ ውሃው ባዶ ሊመስል ይችላል።

ቤት ሆነሽ የምትሠሪው ሥራም አለ። ብዙ ትልልቅ ረግረጎች ራምሳር በሚባለው ዓለም አቀፍ የረግረግ ጥበቃ ስምምነት የተመዘገቡ ናቸው። ስምምነቱ በ1971 እ.ኤ.አ. ኢራን ውስጥ ራምሳር በምትባል ከተማ የተፈረመ ነው፤ ዛሬ ከ2,400 በላይ ቦታዎች በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። የእያንዳንዱ ቦታ መግለጫ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል፤ በቦታው ያሉ ዋና ዋና እንስሳትና ዕፅዋትም ተጽፈውበታል። ኢበርድ የሚባለው ድረ ገጽ ደግሞ ሰዎች በየቦታው ያዩትን ወፍ የሚመዘግቡበት ነው። የምትሄጂበትን ቦታ ፈልጊና ባለፉት ሳምንታት ምን እንደታየ እዪ። ከዝርዝሩ ውስጥ አምስት ወፍ ብቻ ምረጪ። የአምስቱን ሥዕል ከልጅሽ ጋር አጥኑ። መቶ ወፍ አጥንቶ የሚሄድ ልጅ እዚያ ሲደርስ ሁሉም ይምታታበታል። አምስት የሚያውቅ ግን አንዷን ሲያይ ይጮኻል። (በሹክሹክታ መጮህ አስቀድመሽ አለማምጂው።)

ዕቃን በተመለከተ፣ የግድ የሚያስፈልገው ባይኖኩላር ነው። ተዋሱም፣ ተከራዩም፣ አንድ ይኑራችሁ፤ ሁለት ቢሆን ይመረጣል። 8 በ42 የሚል ቁጥር ያለው ይበቃል። 8 ማለት ስምንት ጊዜ ያቀርባል ማለት ነው፤ 42 ደግሞ የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊሜትር ነው። 10 እጥፍ የሚያቀርበውን ሰው ይመርጣል፤ እኔ ለጀማሪ አልመክረውም። የእጅ መንቀጥቀጡንም አብሮ ያጎላዋል፣ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ቦታም ጠባብ ነው። ለልጅሽ 8 በ32 ካገኘሽ ቀለል ይላል። አባትሽ መነጽር የሚያደርጉ ከሆነ የዓይኑ በኩል ያለውን ጎማ አዙረሽ ወይም አጥፈሽ ዝቅ አድርጊላቸው። ያ ካልሆነ የሚታያቸው በጥቁር የተከበበ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ይሆንና ሰልችቷቸው ያስቀምጡታል።

ለልጁ ይህን አስተምሪው። መጀመሪያ ወፏን በባዶ ዓይንህ ያዛት። ዓይንህን ሳትነቅል ባይኖኩላሩን ወደ ዓይንህ አምጣው። በባይኖኩላሩ መፈለግ ከጀመረ አያገኛትም። ከጉዞው በፊት ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ይለማመድ።

ከዚያ ቀጥሎ የምይዘው ታጣፊ መቀመጫ ነው። ለአባትሽማ የግድ ነው። ልብሳችሁ ደብዘዝ ያለ ቀለም ይሁን፤ ስትንቀሳቀሱ የሚንኮሻኮሽ የዝናብ ልብስ ግን ከቀለሙም የባሰ ነው። ባርኔጣ፣ ውሃ፣ የትንኝ መከላከያ አትርሺ። ስልክ ድምፁ ይጥፋ።

ውሃው ውስጥ እግራችሁን አታስገቡ። ቢልሃርዝያ ባለባቸው አካባቢዎች በሽታው የሚመጣው በንጹሕ በሚመስል፣ በዝግታ በሚፈስ ውሃ ውስጥ ካሉ ቀንድ አውጣዎች ነው። ጉማሬና አዞ የሚኖሩበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ጠባቂው ካሳያችሁ ስፍራ ንቅንቅ አትበሉ። ጉማሬ ሌሊት ሣር ሲግጥ አድሮ በማለዳ ወደ ውሃው ይመለሳል። በእሱና በውሃው መካከል ቆሞ መገኘት ሕይወት ያሳጣል። እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ልጅን ከእጅ መልቀቅ የለም።

አስጎብኚ? ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ አዎ፣ ቢያንስ ለጠዋቱ። የዚያን ሳምንት ወሬ የሚያውቀው እሱ ነው፤ የትኛው ጉቶ ላይ ማን እንደሚቆም ይነግራችኋል። ስትስማሙ ግን በግልጽ ንገሪው፤ «ብዙ መዞር አንፈልግም፣ መቀመጥ ነው የምንፈልገው» በይው። አንዳንዱ ጎብኚን ላስደስት ብሎ ያጨበጭባል ወይም ድንጋይ ወርውሮ መንጋውን ያስነሳል። ይህን ካየሽ እባክሽ አስቁሚው። ከሩቅ አገር በርሮ የመጣ ወፍ እዚያ የሚያርፈው ለቀጣዩ መንገድ ስብ ሊያጠራቅም ነው። በተነሳ ቁጥር ያንን ያቃጥላል። ጎጆ ያላት ከሆነች ደግሞ እንቁላሏ ፀሐይ ላይ ይቀራል። በስልክ የወፍ ድምፅ እያጫወቱ መጥራትም እንዲሁ ነው፤ ወፉ ባላጋራ የመጣበት መስሎት ይደክማል። ሜርሊን የሚባለው የስልክ መተግበሪያ የሰማችሁትን ድምፅ የማን እንደሆነ ይነግራችኋል፤ ለመስማት ተጠቀሙበት፣ ለመጥራት አይሁን።

ምን ያህል መቅረብ እንደሚቻል ወፉ ራሱ ይነግርሻል። ሲለቅም የነበረው መልቀሙን ትቶ ቀና ካለ በቃ፣ እዚያው ቁሙ። አንገቱን እያሰገገ መራመድ ከጀመረ አልፋችኋል፣ ወደኋላ ተመለሱ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና መልቀም ከጀመረ ተቀብሏችኋል ማለት ነው። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ደስታ የለም።

ልጁ ሁለት ሰዓት ዝም ብሎ ይቀመጣል ብለሽ አትጠብቂ፤ ሥራ ስጪው። ዳክዬ ይቁጠር፣ ጭቃው ላይ ያለውን ዱካ ይሣል። ጣቶቹ በስስ ቆዳ የተያያዙትን ከተለያዩት ይለይ። ረፋድ ላይ ወፎቹ ጸጥ ሲሉ የውኃ ተርቦች ይነሳሉ፤ አራት ክንፍ ያላቸው፣ ሄሊኮፕተር የሚመስሉት ናቸው። ከእንጨቱ መሄጃ ሳይወርድ ውሃው ዳር ያሉትን አገዳዎች ከሥር እስከ ላይ ይፈትሽ። እድለኛ ከሆነ አገዳው ላይ ሙጭጭ ያለ ቡናማ ቅርፊት ያገኛል። ውኃ ውስጥ ያደገው እጭ ወጥቶ፣ ጀርባውን ሰንጥቆ፣ ባለ ክንፍ ሆኖ ሲበር ትቶት የሄደው ልብስ ነው። እግሮቹ ስድስቱም አሉ፤ የዓይኑ ቅርፅ ሳይቀር አለ። ስንጥቁ ላይ ነጫጭ ክሮች ተንጠልጥለው ያያል፤ የመተንፈሻ ቧንቧዎቹ ሽፋን ናቸው። የወንድሜን ልጅ አንዴ ይህን አሳየሁትና ከዚያ በኋላ ሦስት ሰዓት ሙሉ «እንሂድ» የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም።

ከመሄዳችሁ አንድ ቀን በፊት ጥብቅ ስፍራው ጋ ደውዪ። ውሃው ሞልቷል ወይስ ጎድሏል? ጎህ ሲቀድ በሩ ይከፈታል ወይ? ከመኪና ማቆሚያው ብዙ የማያስሄድ፣ ደረጃ የሌለው የመመልከቻ ጎጆ አለ ወይ? ማማ ብቻ ነው ያለን ካሉሽ ለአባትሽ አይሆንም፤ መኪና እስከ ውሃው ዳር ይደርስ እንደሆነ ጠይቂ። የሚሉሽን እዚህ ጻፊልን፣ የትኛው መቀመጫ እንደሚሻል አብረን እናያለን።