የምትወዱት ፊልም በሌላ ሰው እጅ ሲሰራ

ለፊልም ወዳድ ልጆቼ፣

የምትወዱትን የውጭ አገር አስፈሪ ፊልም ሆሊውድ እንደገና ሊሰራው (ሪሜክ ሊያደርገው) ነው የሚል ወሬ ሲመጣ ምን እንደምትሆኑ አያለሁ። ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ አብረውኝ የሚሰሩት ወጣቶች ወዲያው ለሁለት ይከፈላሉ። አንዱ «ሊያበላሹት ነው» ይላል። ሌላው «ቆይ እስኪ፣ መጀመሪያ ይውጣ» ይላል። የሚገርመኝ አምርሮ የሚቃወመው ልጅ ነው። ፊልሙ በወጣ ሰሞን ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው። አይቶ ይናደዳል፤ ተናዶም ደግሞ ያየዋል። እኔ ይህን ልጅ እወደዋለሁ። ፊልም ውስጡ ያልገባ ሰው እንዲህ አይቃጠልም።

ዕድሜዬን የጨረስኩት ፊልም በመቁረጥና በመቀጠል ነው። የምመክራችሁም ከዚያው ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ንዴታችሁን አትዋጡት። ነገር ግን የቱ ጋ እንደሚያማችሁ አሳዩ። «ኦሪጅናሉ ይሻላል» ብቻ ብትሉኝ ምንም አልነገራችሁኝም። የትኛው ሾት (ካሜራው ሳይቋረጥ የቀረጸው አንድ ቁራጭ) ላይ? ምን ወጥቶ ምን ገባ? የቱ ድምፅ ጠፋ? ይህን መመለስ የቻለ ልጅ ፊልም መስራት ጀምሯል።

ምሳሌዎቼን ላንሳ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የፊልሞቹን መጨረሻም ስለምናገር ያላያችሁ ካላችሁ አይታችሁ ተመለሱ።

ኮጂ ሱዙኪ የተባለ ጃፓናዊ ደራሲ በ1991 አንድ ልብ ወለድ አሳተመ። ሂዴዎ ናካታ በ1998 «ሪንጉ» በሚል ፊልም አደረገው። አንድ የቪዲዮ ካሴት አለ። ያየው ሰው ስልክ ይደወልለታል፤ በሰባተኛው ቀን ይሞታል። በሚቀጥለው ዓመት ኮሪያዎች የራሳቸውን ሰሩ። በ2002 ደግሞ ጎር ቨርቢንስኪ ናኦሚ ዋትስን ይዞ የአሜሪካውን «ዘ ሪንግ» አወጣ። ወደ 48 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ከዚያ በኋላ ሆሊውድ የእስያን አስፈሪ ፊልሞች እየተሻማ መግዛት ያዘ።

ሁለቱም ፊልሞች ውስጥ ያለውን፣ ሁላችሁም የምታውቁትን ትዕይንት እንመልከት። ልጅቷ ከቴሌቪዥኑ የምትወጣበትን።

በጃፓኑ፣ ካሴቱን ካዩት አንዱ የሆነው ሪዩጂ ቤቱ ብቻውን ሆኖ ይሰራል። ቴሌቪዥኑ በራሱ ይበራል። ጉድጓድ ይታያል። ልጅቷ ሳዳኮ ከጉድጓዱ ትወጣለች፣ ቀስ እያለች ወደ ካሜራው ትመጣለች፣ ከዚያ ከስክሪኑ ወጥታ ወለሉ ላይ ትሳባለች። ብረት ከብረት ሲፋጭ የመሰለ ድምፅ ይሰማል። ጣቶቿ ጥፍር የላቸውም። ፀጉሯ ፊቷን ሸፍኖታል። ፊቷን አናይም። የምናየው አንድ ዓይን ነው፣ በቃ። አካሄዷ የሰው ነው፣ ግን ደግሞ የሰው አይደለም። ሚስጥሩ ቀላል ነው። ተዋናይቷ ሪዬ ኢኖ ወደ ኋላ እየተራመደች ተቀረጸች፤ ከዚያ ቀረጻው ተገልብጦ ገባ። እናንተ ዛሬ ኮምፒውተራችሁ ላይ በአንድ ቁልፍ የምትሰሩትን ነው የሰሩት። ልዩነቱ የት ቦታ ላይ እንደሚያስገቡት ማወቃቸው ነው።

የአሜሪካው ሌላ መንገድ ሄደ። ልጅቷ እዚህ ሳማራ ትባላለች፤ ከስክሪኑ ከወጣች በኋላም ምስሏ እንደተበላሸ ካሴት ይርገበገባል። ክፍሉ ውስጥ ቆማም ቢሆን ገና ከቪዲዮው አልወጣችም። ይህ ሐሳብ በጣም ደስ ይለኛል፤ ኦሪጅናሉ ውስጥ የለም። ወዲያው ግን ፊቷን ያሳዩናል። ሪክ ቤከር የተባለ ትልቅ የሜካፕ ባለሙያ የሰራው ፊት ነው፤ ሥራው ላይ እንከን አላወጣም። ሆኖም ፊቷን ካየሁ በኋላ ፍርሃቴ መጠን አገኘ። ዓይኑን ብቻ ሳይ ግን ቀሪውን የሞላሁት ራሴ ነኝ፤ እኔ የሞላሁትን ደግሞ የትኛውም ሜካፕ አይደርስበትም። «ሪሜኩ አበላሸው» የምትሉ ልጆች፣ ይቺን ሾት ካሳያችሁኝ አብሬያችሁ ነኝ።

የጠፋው ግን ፊቱ ላይ ያለው ብቻ አይደለም። የሳዳኮ እናት የተሸሸገ ነገር የማየት ኃይል ያላት ሴት ናት። በጋዜጠኞች ፊት ስታሳይ አጭበርባሪ ተብላ ትሰደባለች፤ በኋላ እሳተ ገሞራ ውስጥ ራሷን ትወረውራለች። ይህ ከሜዳ የተነሳ ታሪክ አይደለም። በ1910 ገደማ ፉኩራይ የተባለ የቶኪዮ ምሁር ሚፉኔ ቺዙኮ የተባለች ሴት የታሸገ ጽሑፍ ሳይከፈት ታነባለች ብሎ በምሁራን ፊት አስሞክሯት ነበር። ሙከራው በጥርጣሬ ታየ፤ ጋዜጣውም አልማራትም። በ1911 መርዝ ጠጥታ ሞተች። የጃፓን ተመልካች ሲኒማ ቤት ሲቀመጥ ከኋላው እንዲህ ያለ ታሪክ አለ። የአሜሪካው ፊልም ይህን ሁሉ ነቅሎ በምትኩ የፈረስ እርባታ ተከለ።

እዚህ ላይ «ስለዚህ ሪሜኩ ሥር የለውም» ልትሉ ትችላላችሁ። ግን አንድ ትዕይንት አለ። ዋናዋ ሴት በጀልባ ወደ ደሴቷ ስትሻገር የተጫነ ፈረስ ታያለች። ስትጠጋው ይደነብራል፣ በሩን ሰብሮ ይወጣል፣ መርከቡ ላይ ይሮጣል፣ በመጨረሻ ባሕር ውስጥ ይገባል። ሴትዮዋ ላይ የተጣበቀውን ነገር እንስሳው ከሰው ቀድሞ አውቆታል። ማንም ይህን በንግግር አይነግረንም። ይህ ትዕይንት ከጃፓኑ አልተቀዳም፤ የራሳቸው ነው። የነቀሉበት ቦታ ላይ የራሳቸውን ሲተክሉ ይጸድቅላቸዋል። ነቅለው ባዶውን ሲተዉት ነው የሚያስቆጣው።

«ኦሪጅናሉን ማን ነካባችሁ፣ ቁጭ ብሏል አይደል?» የሚሏችሁም አሉ። ሁልጊዜ እንዲህ ቀላል አይደለም። «ሪንጉ» አሜሪካ ውስጥ በዲቪዲ የወጣው ሪሜኩ ገንዘቡን ከሰበሰበ በኋላ በ2003 ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ ያየው ቅጂውን ነው ማለት ነው። ፊልሙን ቀድመው ያገኙ ሰዎች ቢቆጡ አልፈርድባቸውም። በሌላ በኩል ደግሞ የናካታን ስም በዚያው ሪሜክ የተነሳ የሰሙ ስንቶች ናቸው።

ስዊድን ልውሰዳችሁ። ቶማስ አልፍሬድሶን በ2008 «ሌት ዘ ራይት ዋን ኢን»ን ሰራ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ብላከበርግ በተባለ የስቶክሆልም ዳርቻ፣ እኩዮቹ የሚያሰቃዩት ብቸኛ ልጅ ከአንዲት ደም ጠጪ ልጅ ጋር ይወዳጃል። በሁለት ዓመቱ ማት ሪቭስ «ሌት ሚ ኢን» ብሎ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ሎስ አላሞስ ወስዶ ሰራው። አልፍሬድሶን በግልጽ ቅር ተሰኘ። መጽሐፉንና የስዊድኑን ስክሪፕት የጻፈው ዮን አይቪደ ሊንድክቪስት ግን በአሜሪካውም ተደስቶ መሰከረለት። እንግዲህ የአንድ ፊልም ደራሲና ዳይሬክተር እንኳ አልተስማሙም። እናንተና ጓደኞቻችሁ ባትስማሙ ምን ይገርማል?

የመዋኛ ገንዳውን ትዕይንት የረሳ ያለ አይመስለኝም። ልጁን ውሃ ውስጥ ደፍቀው ይዘውታል። ካሜራው ከእሱ ጋር ውሃ ውስጥ ይቆያል። ላይ የሚሆነውን አናይም። የታፈነ ድምፅ እንሰማለን፣ እግር ውሃውን እየሰነጠቀ ይጎተታል፣ ከዚያ የተቆረጠ ነገር ይወድቃል። ካት የለም። እኔ ካት ማድረግ ሙያዬ ሆኖ እንኳ እዚህ ላይ ያልቆረጠውን ሰው አከብረዋለሁ። ሪቭስ ይህን ትዕይንት ደግሞ ሲሰራው ያን ያህል አልያዘኝም። ግን መኪና ውስጥ የሚሆን አንድ ትዕይንት አለው። ለልጅቷ ደም የሚያመጣላት ሰውዬ ሰው ለማጥቃት ከኋላ ወንበር ተደብቆ ነገሩ ይበላሽበታል፤ መኪናው ወደ ኋላ ሄዶ ይገጫል፣ ተገልብጦ ይንከባለላል። ካሜራው ከመኪናው አይወጣም። እኛም አብረን እንንከባለላለን። የስዊድኑን ለማይነካ ልጅ ይህን ብቻ አሳዩትና ምን እንደሚል ስሙት።

በጣም የማዝነው መጨረሻ ሲቀየር ነው። ጆርጅ ስላውዘር የተባለው ዳይሬክተር በ1988 የሰራውን «ዘ ቫኒሺንግ» የተባለ የሆላንድ ፊልም በ1993 ለአሜሪካ ራሱ ደገመው። በመጀመሪያው ጠፍታ የቀረች ፍቅረኛውን የሚፈልገው ሰው ከነሕይወቱ ይቀበራል፤ ፊልሙ እዚያ ላይ ያልቃል። በሁለተኛው ሰውየው ይተርፋል። ሰሪው አንድ ሆኖ ሳለ ሁለተኛው ፊልም የመጀመሪያውን አፈረሰው።

በቅርቡ ደግሞ የዴንማርኩ «ስፒክ ኖ ኢቭል» መጣ። ክርስቲያን ታፍድሩፕ በ2022 የሰራው ነው። አንድ የዴንማርክ ቤተሰብ ለዕረፍት በሄደበት ከሆላንድ ቤተሰብ ጋር ይተዋወቃል። «ቤታችን ኑ» ይባላሉ፤ ይሄዳሉ። እዚያ ነገሮች ቀስ በቀስ ይበላሻሉ። አስተናጋጆቹ ነውር ነገር ያደርጋሉ፤ እንግዶቹ ግን ይሉኝታ ይዟቸው ይቆያሉ። አንዴ ወጥተው ሁሉ ተመልሰው ይገባሉ! አባትየው በመጨረሻ ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉባቸው ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ «ስለፈቀድክልኝ» የሚል ነው። ቤተሰቡ አይተርፍም። በ2024 ጄምስ ዋትኪንስ እንግሊዝ አገር አምጥቶ ሰራው። ጄምስ ማካቮይ ግሩም አድርጎ ተጫውቷል፤ ያንን አልክድም። ነገር ግን ቤተሰቡ ተዋግቶ ያመልጣል። ሲያመልጥ ያ መልስ ፋይዳ ያጣል። የመጀመሪያው ፊልም ዝምታ እንዴት እንደሚገድል ያሳያል። ሁለተኛው ደፋር ቤተሰብ ክፉ ሰዎችን ሲያሸንፍ ያሳያል። ያም ፊልም ነው፤ ያኛው ፊልም ግን አይደለም።

የዴንማርኩን ፊልም ሳይ አንድ ነገር አሰብኩ። እንግዳ ሆኖ «ይቅርብኝ» ማለት ያቃተው ሰው እኛ አገር በየቤቱ አለ። ፈቃድ አግኝቶ ይህን ታሪክ አዲስ አበባ ቢያመጣው የሚሰራ ልጅ ከእናንተ መካከል ይኖራል። አስፈሪ ፊልም በአማርኛ ብዙ አልተሰራም፤ ሜዳው ክፍት ነው።

ፈቃድ ያልኩትን ግን እንደዋዛ አትለፉት። የውጭ ታሪክ ወስዶ የሰዎቹን ስም ለውጦ የራስ ማስመሰል ብልጠት የሚመስላቸው ልጆች አጋጥመውኛል። ሙርናው በ1922 «ኖስፈራቱ»ን ሲሰራ ያደረገው ይህንኑ ነው። ታሪኩ የብራም ስቶከር «ድራኩላ» ነበር፤ ስሞቹ ተቀየሩ፤ ድራኩላ ኦርሎክ ሆነ። የስቶከር ባለቤት ፍሎረንስ ከሰሰች። የጀርመን ፍርድ ቤት ቅጂዎቹ እንዲወገዱ ወሰነ። ፊልሙ ዛሬ በእጃችን ያለው ከዚያ ያመለጡ ቅጂዎች ስለነበሩ ነው። ቨርነር ሄርዞግ በ1979፣ ሮበርት ኤገርስ በ2024 ደግመው የሰሩት ይህንኑ ለጥቂት የተረፈ ፊልም ነው። እኛም አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ (ይህ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው)፤ የሰው ሥራ ወደ ሌላ መልክ ለመለወጥ የባለቤቱን ፈቃድ ይጠይቃል። አንብቡት፤ ረጅም አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ በአጭሩ። በሪሜኩ የተናደዳችሁ ጊዜ ተዋናዩን አትሳደቡ፣ በተለይ ልጅ ከሆነ። የተሰጠውን ነው የሰራው።

ለመለማመድ የምመክራችሁ ፊልም ሚካኤል ሃነከ የሰራው «ፈኒ ጌምስ» ነው። በ1997 በኦስትሪያ ሰራው፤ በ2007 በእንግሊዝኛ ራሱ ደገመው፣ ከሞላ ጎደል ሾት በሾት። ከባድ ፊልም ነውና አንጀታችሁ የማይችል ከሆነ ተዉት። የምትችሉ ግን አንድ ትዕይንት ምረጡ፣ ለምሳሌ ወጣቱ እንቁላል ሊዋስ የሚመጣበትን። ከሁለቱም ፊልሞች አውጡና ታይምላይን (ኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ላይ ምስልና ድምፅ በተርታ የሚደረደርበት ቦታ) ላይ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች አስቀምጡ። መጀመሪያ ድምፁን ዘግታችሁ እዩ፣ ቀጥሎ ምስሉን ዘግታችሁ ስሙ። ካሜራው የቆመበት ቦታ ያው ስለሆነ፣ አንዱ ከሌላው በልጦ ካስፈራችሁ ምክንያቱን ፊት ላይ፣ ድምፅ ላይ ወይም ዝምታው ላይ ታገኙታላችሁ። ያገኛችሁትን በደቂቃና በሰከንድ ጻፉት። ከዚያ የጃፓኑንና የአሜሪካውን ቴሌቪዥን በዚያው መንገድ ሞክሩ። እኔ ፊቷ መታየት አልነበረበትም ባይ ነኝ፤ አይደለም የሚል ካለ ሾቱን ይዞ ይምጣ፣ አብረን እናየዋለን።