የምስር ፍሬ የምታክለው ዕቃ ስትጠፋ
ለጎንደር ወጣት ባለሙያዎች

ውድ ልጆቼ፣

በጎንደር ብረት እየበየድሁ፣ ኋላም ሙያውን እያስተማርሁ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሬያለሁ። በቅርቡ የብየዳ ቤት የከፈታችሁ ልጆች ኤሌክትሮድ (እየቀለጠ ብረትን ከብረት የሚያያይዘው የብየዳ ዘንግ) ከገበያ ሲጠፋ ምን ማድረግ እንደሚበጅ ጠይቃችሁኛልና፣ መልሴን ከሩቅ አገር ሙያ እጀምራለሁ፤ እጥረት ባለሙያን እንዴት እንደሚፈትን እንደዚያ አጥርቶ ያሳየኝ ሌላ ሥራ የለም።

በአሜሪካ የተተኮሰ ቀለህ ሰብስበው እንደገና ጥይት የሚሠሩ ትናንሽ ድርጅቶች፣ እንዲሁም ለአደንና ለዒላማ ልምምድ በቤታቸው የሚሠሩ ብዙ ሰዎች አሉ። በአገራችን ጉዳዩ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ስለሆነ ማናችሁም እንድትሞክሩት አልመክርም። ጥይት አራት ነገር ነው፤ ቀለህ፣ ባሩድ፣ እርሳስ፣ በቀለሁ ቂጥ ገብታ ስትመታ ባሩዱን የምታቀጣጥለው ትንሿ መለኮሻ። የናስ ቀለህ ተጠርጎ ደጋግሞ ያገለግላል፣ እርሳሱንም ባለሙያው ራሱ አቅልጦ ያፈስሰዋል፤ ባሩዱና መለኮሻዋ ግን ከፋብሪካ ይጠበቃሉ፣ መለኮሻ በብዛት የሚያመርቱትም ጥቂት ኩባንያዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ ሲገባ የጦር መሣሪያ ገዢው በዛ፣ ከአምራቾቹ አንዱ ሬሚንግተንም በዚያው ዓመት ከሰረ፣ የቀሩት አምራቾች ደግሞ መለኮሻውን በቅድሚያ ለራሳቸው ያለቀለት ጥይት አዋሉት። ቀድሞ 1,000 መለኮሻ ከ30 እስከ 40 ዶላር የነበረው በአትራፊ እጅ ከ100 ዶላር በላይ ተሸጠ። ቀለሁ በጆንያ፣ እርሳሱ በሣጥን ተቀምጦ፣ የምስር ፍሬ በምታክል ዕቃ ምክንያት ሥራ ቆመ።



ያኔ ገሚሱ ባለሙያ ያገኘውን ሁሉ እያከማቸ እጥረቱን አባባሰው። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን በለመደው ባሩድ ምትክ ልኩን የማያውቀውን ባሩድ የሚጨምር ሰው ነው፤ ጠመንጃው በእጁ ሊፈነዳ ይችላል።

እኔም ይህንኑ ስሕተት በሙያዬ ሠርቻለሁ። በአዘዞ ለአንድ ቤተሰብ የግቢ በር ልሠራ ቀብድ ከተቀበልሁ በኋላ ኤሌክትሮድ ጠፋ፤ ቃሌን ላለማጠፍ ብዬ እርጥበት የገባበትን በእጥፍ ዋጋ ገዝቼ በየድሁበት። ብየዳው ውስጡ ቀዳዳ ነበረው፤ በአራተኛው ወር የበሩ ማጠፊያ ተሰብሮ በሩ ሲወድቅ የቤቱ ሕፃን በአንድ እርምጃ ተረፈ። በሩን በራሴ ወጪ እንደገና ሠራሁት፤ ቀብዱን መልሼ እውነቱን መናገር ግን የዚያን ዕለት ይቻል ነበር።

ስለዚህ ቀብድ ከመቀበላችሁ በፊት ራሳችሁ ልትሠሩት የማትችሉትን ዕቃ ቁጠሩ፣ ለሁለት ወር የሚበቃችሁን በደረቅ ቦታ አስቀምጡ፣ ከዚያ በላይ ግን ለጎረቤታችሁ ተዉለት። እኔ ዘንድ አሥር ፓኬት ደረቅ ኤሌክትሮድ አለ፤ ሥራ የቆመበት ልጅ መጥቶ ይውሰድ፣ ሲያገኝ ይመልሳል።