ቴዎድሮስን ለምትወዱ ልጆች

ልጆች፣ ደህና ናችሁ? ደሴ ስመጣ ሁሌ ቡና ጀባ ትሉኛላችሁ፣ ዛሬ ደግሞ እኔ ትንሽ ወሬ ጀባ ልበላችሁ።

የታሪክ ሰው አይደለሁም። ዕድሜዬን የጨረስኩት መንገድ ሥራ ላይ ነው። ሐረጎን ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ እናንተ ሙዚቃ ትሰማላችሁ፣ እኔ የውሃ መውረጃውንና የድጋፍ ግንቡን አያለሁ። አፄ ቴዎድሮስንም የማያቸው በዚሁ ዓይን ነው። እናንተ የምታጋሩት ሹሩባውንና ሽጉጡን ነው። ይሁን፣ ደስ ይላል። እኔ ግን ስለ መንገዳቸውና ስለ ደመወዙ ነው ማውራት የፈለግኩት።

ከመንገዱ ልጀምር። 1860 ዓ.ም. እንደገባ ንጉሡ ከደብረ ታቦር ተነሱ። ጋፋት ላይ ሚስዮናውያኑን አስገድደው ያሠሩት ትልቁ መድፍ፣ ሴባስቶፖል፣ አብሯቸው ነበር። ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል። መንገድ የሚባል ነገር የለም። ፊት ለፊት ደግሞ የጅዳና የበሸሎ ሸለቆ ተጋርጧል። ደላንታ አፋፍ ላይ ቆሞ በሸሎን ቁልቁል ያየ ሰው የምለውን ያውቃል፤ ዛሬ ዶዘርና ኤክስካቫተር ያለው ኮንትራክተር እንኳ ለዚያ ቦታ ዋጋ ሲሞላ ሁለቴ ያስባል። እሳቸው ግን በመቶ የሚቆጠር ሰው እያስጎተቱ፣ ገደሉን እያስቆፈሩ፣ ራሳቸውም ወርደው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ እያነሱ፣ ግማሽ ዓመት ገደማ ፈጅተው ወሎ ውስጥ ወዳለው አምባቸው፣ መቅደላ፣ አደረሱት። ለእኔ ከጦርነቶቻቸው ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። ከኋላ የመጡት፣ በጄኔራል ናፒየር የተመሩት የእንግሊዝ ወታደሮችም መንገዱን አይተው ተደንቀዋል። ተደንቀውም አልቀሩ፣ ጅዳን የተሻገሩት በዚያው መንገድ ነው!

አሁን ወደ ደመወዙ። ልብ ብላችሁ ስሙኝ፣ የመጣሁት ለዚህ ነውና።

ያኔ ወታደር ደመወዝ አልነበረውም። ገበሬ ቤት ይገባል፣ ይበላል፣ ይዘርፋል፣ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ካሳ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ ይህን ሊያስቀሩ ቆርጠው ነበር። ዘረፋ ከለከሉ። ለወታደሩ ደመወዝ እንዲቆረጥለት አሰቡ። የተለያየ አገር ሰው በአንድ ክፍል አሰለፉ፣ ያስር አለቃ፣ የሃምሳ አለቃ፣ የሺ አለቃ ብለው ሾሙ። ማዕረጉ እስካሁን አለ። የባሪያ ንግድንም ከልክለዋል። በዚያ ዘመን ይህን ማሰብ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

ግን ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ዓይናቸውን የቤተ ክርስቲያን መሬት ላይ ጣሉ። ለአንድ ደብር ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ የተረፈው መሬት ግብር ለሚከፍል ገበሬ ይሰጥ አሉ። ሒሳቡን እኔም ባስበው ልክ ነው። ካህናቱ ግን አኮረፉ፣ ንጉሡ ከቤተ ክርስቲያኒቱ ጳጳስ ከአቡነ ሰላማም ጋር ተቃቃሩ፤ አቡኑ በመጨረሻ መቅደላ ታስረው እዚያው አረፉ። በየአገሩ ሸፍጥና ሽፍትነት በዛ። የሸፈተ አገር ደግሞ ግብር አይከፍልም። ግብር ከሌለ ደመወዝ የለም። ስለዚህ ያ ዘረፋን የከለከለ ጦር ተመልሶ ዘራፊ ሆነ፤ በ1859 ዓ.ም. ጎንደር የተዘረፈችውና የተቃጠለችው በራሳቸው በንጉሡ ትዕዛዝ ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን በዓይኔ ስላየሁት አልፈርድም። አንድ ሳይት ላይ፣ የተቋራጩን ስም ተዉት፣ የቀን ሠራተኛው ክፍያ ዘገየ። ዛሬ ነገ ሲባል ሳምንታት ሄዱ። መጀመሪያ ሥራው ተንቀራፈፈ። ቀጥሎ ሲሚንቶ ከመጋዘን መጥፋት ጀመረ፣ ፌሮውም እየተቆረጠ ማታ ማታ ወደ ከተማ ይወርድ ነበር። አለቃው ምን አደረገ? ጥበቃ ጨመረ። ስብሰባ ጠርቶ ስለ ሥነ ምግባር ተናገረ። ጥበቃዎቹም አልተከፈላቸውም ነበርና እነሱም ገቡበት። ፎርማኑ፣ ጎበዝ ሰው ነበር፣ "ጌታዬ፣ ፔሮሉን አምጣና ስብሰባው ይቅር" አለው። ሰማው ብላችሁ ነው? ገንዘቡ የመጣ ቀን ግን ሌባ የተባለው ሰው ሁሉ በጠዋት አካፋውን ይዞ ተገኘ።

እናንተም ነገ አንድ ቢሮ ወይ አንድ ድርጅት ትይዛላችሁ። የምትጠሉት ነገር ይኖራል፣ ለመቀየርም ትቸኩላላችሁ። አብሽሩ፣ ቀይሩት። ግን ከልክላችሁ ስትጨርሱ ሰዉ በምን እንደሚኖር አስቀድማችሁ አስሉ። የምታስቀይሙትንም ሰው ቁጠሩ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አታስቀይሙ። ቴዎድሮስ መኳንንቱንም፣ ካህናቱንም፣ ገበሬውንም ባንድ ዘመን ነው ያጡት።

ደብዳቤውም አለ። በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ጻፉ፣ ለንደን ላይ ወረቀቱ ያለ መልስ ተኛ። እሳቸው ደግሞ የእንግሊዝን ቆንስል ካሜሮንን አሰሩ፤ የእንግሊዝ ጦር የመጣው በዚህ ሰበብ ነው። ኢሜይል ልካችሁ መልስ ሲጠፋ ደማችሁ የሚፈላ ልጆች አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ።

ወሎ ላይ ደግሞ የማናወራው ነገር አለ። ነግሠው ብዙም ሳይቆዩ የዘመቱት እዚሁ እኛ ላይ ነው። መቅደላም የተያዘችው ያኔ ነው። የወሎዋ ወይዘሮ ወርቂት ልጅ እዚያ አምባ ላይ እስረኛ ነበር። በ1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ ወደ ወርቂት ግዛት ሲገባ፣ ሴትዮዋ አሳልፈው ወደ ሸዋ ላኩት፤ ንጉሡም ልጃቸውን ገደሉባቸው። እንግዲህ ከዚያ በኋላ እንግሊዝ ሲመጣ ወሎ ለምን አልደረሰላቸውም ብሎ መጠየቅ ይከብዳል። በብዙ አስር ሺህ ይቆጠር የነበረው ጦራቸው መጨረሻ ላይ ጥቂት ሺህ ነበር። መቅደላ አቅራቢያ፣ አሮጌ በሚባለው ሜዳ ላይ፣ በአንድ ከሰዓት ወደ 700 ሰው ረገፈ፣ ከእንግሊዝ የሞተው ሁለት ነው። በሦስተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 6፣ ንጉሡ ሽጉጣቸውን ጠጡ። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

ይህን ስነግራችሁ ንጉሡን ጥሉ ማለቴ አይደለም። እኔም እወዳቸዋለሁ። እጁን ጭቃ ያስነካ ንጉሥ ስንት አለን?

መቅደላን ካላያችሁ በበጋ ሂዱ። ውሃ ያዙ፣ ዳገቱ ቀልድ አይደለም፣ ጫማም ደህና አድርጉ። ሴባስቶፖል ጎን ፎቶ ተነሱ፣ ማን ከለከላችሁ። ስትመለሱ ግን ተንታ አረፍ በሉና ከሽማግሌ ከባልቴቱ ጋር ቡና ጠጡ፣ ስለ ወርቂትና ስለ ልጃቸው ጠይቁ። የሚነግሯችሁን ሳትቆርጡ ሙሉውን ልቀቁት።