ጂኦግራፊ አስተማሪ ልሁን ወይስ ይቅርብኝ?

ደብዳቤሽ አጭር ናት፤ ጥያቄዋ ግን ከበድ ይላል። ሁለተኛ ደረጃን ልትጨርሺ ነው፣ ጂኦግራፊ ማስተማር ትፈልጊያለሽ። ግን ክፍለ ጊዜው ሲቀነስ፣ አንዳንድ ቦታም ከታሪክ ጋር ተጨፍልቆ የኅብረተሰብ ሳይንስ ሲባል አይተሻል። «እየሞተ ያለ ሙያ ውስጥ ልገባ ይሆን?» ትያለሽ።

ስጋትሽ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ሃርቫርድ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1948 የጂኦግራፊ ትምህርቱን ለመዝጋት ወስኗል። ትምህርት ቤቶችም ብዙ ጊዜ ሌላ ትምህርት ያጠና መምህር ይመድቡበታል፣ ክፍለ ጊዜ ይሙላ ብለው። እሱስ ምን ያድርግ? የዋና ከተማና የወንዝ ስም ያስሸመድዳል። ተማሪው ፈተናው ላይ ይዘረግፈውና በማግስቱ ይረሳዋል። ስሙን እንደሆነ ስልኩም ይነግረዋል። ለኔ ትምህርቱን የጎዳው ይሄ ሽምደዳ ነው።

ጂኦግራፊ «የት?» ብሎ አያቆምም፤ «ለምን እዚያ?» ይላል። እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ውስጥ ኮሌራ ሰው ሲፈጅ፣ ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም የሟቾቹን ቤት ካርታ ላይ አሰፈረ። ምልክቶቹ ብሮድ ስትሪት ላይ ባለች አንዲት የውሃ ፓምፕ ዙሪያ ተከማቹ። በዚያ ዘመን ብዙ ሐኪም በሽታውን የሚያመጣው መጥፎ አየር ነው ይል ነበር፤ ካርታው ግን ወደ ውሃው ጠቆመ። ይህን ካርታ ሰሌዳው ላይ ለጥፊና ዝም በይ። ከዚያ «ምን ታያላችሁ?» በያቸው። ከኋላ ወንበር ያለው እንቅልፋም ሳይቀር እጁን ያወጣል።

ስለዚህ ግቢበት እላለሁ፤ ግን በአንድ እግርሽ ብቻ አትቁሚ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሽ ጂአይኤስ ተማሪ፣ ማለትም ካርታን ከመረጃ ጋር አጣምሮ በኮምፒውተር መሥራት። ኪውጂአይኤስ የሚባለው ሶፍትዌር በነፃ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ምድርን የሚያነሱት የላንድሳት ሳተላይቶች ምስልም ነፃ ነው። አንድ ሐይቅ ምረጪ፣ የ30 ዓመት ልዩነት ያላቸውን ሁለት ምስሎች አስተያዪ፣ ካርታውን ራስሽ ሥሪው። ይሄ ሥራ ክፍል ውስጥ ያገለግልሻል። ማስተማሩ ቢሰለችሽ ደግሞ የውሃ፣ የግብርና፣ የከተማ ፕላንና የአደጋ መከላከል መሥሪያ ቤቶች የሚፈልጉት ችሎታ ነው። ደመወዙን አልደብቅሽም፣ ማስተማር ሀብታም አያደርግም።

ቅጹን ከመሙላትሽ በፊት አንድ ነገር ሞክሪ። አስተማሪሽን አስፈቅጂና ለታናናሾችሽ አንድ ክፍለ ጊዜ አስተምሪ። የስኖውን ካርታ ይዘሽ ግቢ። ስትወጪ ምን እንደተሰማሽ ጻፊልኝ።