ሪሰርቹ ኦክስፎርድ፣ ፋብሪካው ጃፓን

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች እንዴት ናችሁ። የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ 5ኛ አመት ተማሪ ነኝ። እኛ ጋ የመመረቂያ ጥናት ተጠርዞ ሼልፍ ላይ ይደረደራል፣ ከዛ በኋላ ፎርማት ለመኮረጅ ካልሆነ የሚገልጠው የለም። ውጪ አገር ግን ከዩኒቨርስቲ ሪሰርች ፋብሪካ ወጣ ሲሉ እሰማለሁ። እውነት ነው ወይስ ወሬ?
ብ. ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ፎርማት ለመኮረጅ ያልከው አሳቀኝ፣ እኔም ያደረኩት ነገር ነው። እውነት ነው ወንድሜ፣ ግን ሪሰርቹ የተሰራበት ሰፈር ሁሉ ፋብሪካ ይበቅላል ማለት አይደለም።

ኪስህ ያለውን የስልክ ባትሪ እንይ። የሊቲየም ባትሪን ፖዘቲቭ ጎን ከኮባልት ኦክሳይድ መስራት እንደሚቻል ያሳዩት በፈረንጅ 1980 ጆን ጉድኢናፍና ባልደረቦቹ ኦክስፎርድ ላብ ውስጥ ናቸው። ዩኒቨርስቲው ግን ፓተንቱን (የፈጠራ ባለቤትነት መብቱን) አልፈልግም አለ! ከዛ ጃፓን ውስጥ አሳሂ ካሴ የሚባል ኩባንያ የሚሰራው አኪራ ዮሺኖ ያንን ይዞ ሌላኛውን ጎን በካርቦን ሰራውና በ1985 አካባቢ አደጋው የቀነሰ ባትሪ ሆነለት፣ በ1991 ደግሞ ሶኒ ገበያ ላይ አዋለው። ለምን ሶኒ? አንደኛ የሚሸጠው ቪዲዮ ካሜራ ቀላል ባትሪ ይፈልግ ነበር። ሁለተኛው ነገር ነው እኔን የሚገርመኝ፣ የባትሪ ውስጡ እኮ ስስ ፎይል ላይ የተቀባ ሊጥ መሳይ ነገር ነው፣ ሶኒ ደግሞ የካሴት ክር ሲቀባ የኖረበት ማሽንና ባለሙያ ነበረው፣ ሲዲ መጥቶ የካሴት ስራ ሲቀዘቅዝ ማሽኑን ወደ ባትሪ አዞረው። ጉድኢናፍ በ2019 በ97 አመቱ ኖቤል ተሸለመ፣ ኦክስፎርድም ላቡ ግድግዳ ላይ ማስታወሻ ሰሌዳ ተለጠፈለት። ፋብሪካው ግን መጀመሪያ የተተከለው ጃፓን ነው።

ታይዋን ደግሞ በተቃራኒው ነች። ቺፕ የመስራት ዘዴውን በ1976 አርሲኤ ከሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ገዝታ ወጣት ኢንጂነሮቿን እዛው ልካ አሰለጠነች፣ በ1980 ሺንቹ ላይ ሁለት ዩኒቨርስቲዎች አጠገብ የኢንዱስትሪ ፓርክ ከፈተች፣ ቲኤስኤምሲ የሚባለው ቺፕ አምራች ኩባንያ በ1987 የተወለደው እዛ ነው። በኋላማ አሜሪካ በርክሌይ ዩኒቨርስቲ ሆኖ ፊንፌት የሚባለውን ትራንዚስተር ከነቡድኑ የሰራው ፕሮፌሰር ቼንሚንግ ሁ ራሱ ከ2001 እስከ 2004 የቲኤስኤምሲ የቴክኖሎጂ ሀላፊ ሆኖ ሰርቷል። ወረቀቱን ማንም ያነበዋል፣ እጁ ስራውን የለመደ ሰው ግን በእግሩ መምጣት አለበት።

የአንተ ጥናት በምን ላይ እንደሆነ አልነገርከንም እኮ። ጻፍልንና፣ እዚህ ከተማ ውስጥ ለሱ የሚሆን ማሽን ያለው ማን እንደሆነ አብረን እናጠያይቅ።