«አረከሰ» ወይስ «ደፈረ»?

ጥያቄ፦ ሌቦች ቤተ ክርስቲያን ሰብረው ንዋየ ቅድሳት ሲሰርቁ አንዱ ጸሐፊ «መቅደሱን አረከሱ»፣ ሌላው «መቅደሱን ደፈሩ» ይላል። «ረከሰ» ለገበያ ዋጋ የሚነገር አይደለምን? የሚስማማውስ የትኛው ነው?

መልስ፦ ሁለቱም በአማርኛ የተለመዱ ናቸው፤ የሚያመለክቱት በደል ግን አንድ አይደለም። «አረከሰ» ከግእዙ «ረኵሰ» ጋር የሚዛመድ ሲሆን የሚናገረው ስለተነካው ነገር ነው፤ ንጹሕ የነበረውን ንጽሕናውን አሳጣው ማለት ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 21 ጳውሎስ የተከሰሰው ግሪኮችን ወደ መቅደስ አስገብቶ የተቀደሰውን ስፍራ አርክሷል ተብሎ ነበር። በር ሰበረ ወይም ዕቃ ወሰደ ያለው የለም፤ መግባት የማይገባው ሰው ገባ መባሉ ብቻ ለክሱ በቃ።

የዋጋው «ረከሰ»ም ከዚሁ ግስ የወጣ ነው፤ የክብር መውረድ ወደ ገበያ ተሻግሮ «ጤፍ ረከሰ» ተባለ፤ «ርካሽ»ም እንደ «ፈሳሽ» «ሰ»ን ወደ «ሽ» ለውጦ ተገኘ። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን «ማርከሻ» ነው። የመርዝን ኃይል የሚያከሽፍ መድኃኒት በዚህ ስም መጠራቱ፣ ማርከስ ኃይል ያለውን ነገር ኃይሉን መንሣት ተደርጎ ይታሰብ እንደ ነበር ያመለክታል ብዬ እገምታለሁ።

«ደፈረ» በአንጻሩ የሚናገረው ስለ አድራጊው ነው፤ ሊፈራውና ሊያከብረው የሚገባውን ሳይፈራ ነካ ማለት ነው። ስለዚህ ድንበርም፣ ሕግም፣ ሰውም ይደፈራሉ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 14 በሕይወት የመኖርን መብት «የማይደፈርና የማይገሰስ» ይለዋል፤ «የማይረክስ» ቢለው ግን ነገሩ ይፋለስ ነበር፤ መብት ይጣሳል እንጂ አይረክስምና።

እንግዲህ ለጠየቁት ስርቆት እኔ «ደፈሩ»ን እመርጣለሁ። ሌቦቹ በውስጡ ለቦታው የማይገባ ነውር ፈጽመው ከሆነ፣ ወይም ጸሐፊው ከስርቆቱ ይልቅ የመቅደሱን ንጽሕና ማጣት ሊናገር ከፈለገ፣ ያን ጊዜ «አረከሱ» ቦታውን ያገኛል።

ለቀንና ለሥርዓት ሲሆን ደግሞ የሕዝቡ አነጋገር ይለያል። በማቴዎስ ወንጌል 12፥5 ሰንበትን ስለ ማርከስ ቢነገርም፣ በበዓል ቀን ሲያርስ የተገኘ ገበሬ «በዓል ሻረ» ይባላል፤ በጾም ሥጋ የበላውም «ጾም ገደፈ» እንጂ «ጾም አረከሰ» አይባልም።