ጥያቄና መልስ፦ ፈተናውን ደፍኖ ክፍል መድገም

ኖቬምበር ሲገባ ደብዳቤዎቻችሁ ከእግር ኳስ ወደዚያኛው፣ በእጅ ወደሚያዘው ኳስ ይዞራሉ። ልጆቻችሁ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል፤ እናንተም ሳትወዱ በግድ የኮሌጅ ፉትቦል ደጋፊ ሆናችኋል። ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።

አንዲት እናት ከኮሎምበስ፦ ልጃቸው ኦሃዮ ስቴት ይማራል። ማክሰኞ ማታ «ደረጃ ወጣ!» እያለ ቤቱን ያናውጠዋል። ማክሰኞ ደግሞ አልተጫወቱም። ምኑ ነው የወጣው?

የኮሚቴው ደረጃ ነው፣ እማማ። ከ130 በላይ ቡድኖች አሉ፤ አንዱ በዓመት 12 ጨዋታ ገደማ ቢጫወት ነው። እንደኛ ሊግ ሁሉም ከሁሉም ስለማይጋጠም በነጥብ ብቻ መለየት አይቻልም። ስለዚህ 13 ሰዎች ክፍል ዘግተው 25 ቡድን በተርታ ያስቀምጣሉ። ፕሌይኦፍ፣ ማለትም ለዋንጫው የሚደረገው ጥሎ ማለፍ፣ የሚገቡት 12 ናቸው። አምስቱ ቦታ ለኮንፈረንስ (ቡድኖቹ የተከፋፈሉበት ምድብ) ሻምፒዮኖች ነው፤ ሰባቱን ኮሚቴው በደረጃ ይሞላል። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ያሉት የመጀመሪያውን ዙር ያርፋሉ፤ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ያሉት በሜዳቸው ያስተናግዳሉ። ልጅዎ ቢጮህ አይፍረዱበት።

አቻ ቢወጡስ?

አቻ የለም። ከ1996 ጀምሮ አሸናፊ እስኪገኝ ይቀጥላሉ።

አንድ ወጣት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ቡድኑ ገና በጅማሬው ተሸንፎ ተስፋ ቆርጧል።

ቶሎ ነው። በ2024 ኖተር ዳም ሴፕቴምበር ላይ፣ በገዛ ሜዳው፣ በኖርዘርን ኢሊኖይ 16 ለ 14 ተሸንፎ ፍጻሜ ደርሷል። ዋንጫውን የወሰደበት ኦሃዮ ስቴትም ሁለት ሽንፈት ነበረበት። ግን በማን እንደተሸነፍክ እይ። በ2025 ያው ኖተር ዳም የመጀመሪያ ሁለቱን ተሸንፎ ቀጥሎ አሥር ቢያሸንፍም ቀረ። እኩል ሪከርድ የነበረው ማያሚ በመክፈቻው 27 ለ 24 ረትቶት ስለነበር እሱ አለፈ። ኮሚቴውን ካመሰገንኩባቸው ጥቂት ቀኖች አንዱ ነው።

ወንድማችን ከዳላስ፦ ጓደኛው «13 ተጫውቶ 13 አሸንፎ የቀረ ቡድን አለ» ብሎት ምሳ ተወራርደዋል።

ምሳውን ክፈል። ፍሎሪዳ ስቴት ነው፣ 2023። ያኔ የሚያልፉት አራት ብቻ ነበሩ። ኖቬምበር ላይ ኳርተርባኩ (ኳሱን እየወረወረ ማጥቃቱን የሚመራው) ጆርዳን ትራቪስ እግሩ ተሰበረ። ቡድኑ ግን የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲን 24 ለ 15 አሸነፈ። ለኮንፈረንሱ ዋንጫ ሁለተኛው ኳርተርባክም ተጎድቶ፣ በሦስተኛው፣ ገና አንደኛ ዓመት በሆነ ልጅ፣ ሉዊቪልን 16 ለ 6 ረታ። ጨዋታው አያምርም ነበር፤ ተከላካዮቹ ናቸው ጎትተው ያወጡት። በማግስቱ ኮሚቴው አንድ ጊዜ የተሸነፈውን አላባማን 4ኛ፣ ያልተሸነፈውን 5ኛ አደረገ። ያለ ትራቪስ ያው ቡድን አይደለም ተባለ። ትራቪስ ራሱ ምነው እግሬ ቀደም ብሎ በተሰበረ፣ ቡድኑ ያለ እኔም ምን እንደሚችል ባያችሁ ኖሮ ብሎ ጻፈ።

አላባማ ደካማ ነበር አልልም፤ ጆርጂያን ጥሎ ነው የመጣው። ግን ይህ ፈተናውን ደፍነህ «ፊትህ ደክሞታል፣ የሚመጣውን ዓመት አትችለውም» ተብለህ ክፍል እንደመድገም ነው። «ኋላ ጆርጂያ ፍሎሪዳ ስቴቶችን 63 ለ 3 ገርፏቸው የለ?» የሚል አይጠፋም። ገርፏቸዋል። ብዙ ነባር ተጫዋቾች ያልተሰለፉበት፣ ቡድኑ ልቡ ተሰብሮ የገባበት ጨዋታ ነበር። በዛሬው የ12 ቡድን አሠራር ያልፉ ነበር፤ በዓይን ገምቶ መምረጡ ግን አልቀረም፣ ክርክሩ ወደ 12ኛዋ ወንበር ወረደ እንጂ።

ስሙን የደበቀ፦ ከዘመድ ተበድሮ ሊያስይዝ ነው። «እርግጠኛው» ማን ነው?

አልነግርህም። ብድር ከገባበት ጉዳዩ የኳስ አይደለም። ዛሬውኑ ለባለቤትህ ንገራት። ከዚያ የቁማር ሱስ የሚያክም ባለሙያ ጋ ደውል። ለወጉ ያልኩት እንዳይመስልህ፤ ሳትደውል ሌላ ደብዳቤ አትጻፍልኝ።

የኮሎምበሷ እናት በድጋሚ፦ የመጨረሻው ምርጫ እሁድ የሚነገረው ስንት ሰዓት ነው? ከቅዳሴ ይደርሳሉ? ለልጁ ጓደኞችስ ምን ይሥሩ?

በእናንተ ሰዓት ቀትር ላይ ነው፤ ስብከቱ ካልረዘመ ይደርሳሉ። ለልጁ ጓደኞች የዶሮ ክንፉን ያቅርቡ። እርስዎ ግን እንዳይቀምሱ፤ ነቢያት ገብቷል።